ሚኒሞውን ማን አናጋው?

ቀይ መብራት ላይ የቆመ የአሮጌ ላዳ ታክሲ ሾፌር ቀኝ እግሩን ለሁለት ሥራ ያካፍላል፤ በጣቶቹ ፍሬን ይዞ በተረከዙ ነዳጁን ነካ ነካ ያደርጋል። ካላደረገ ሞተሩ ይጠፋበታል። ከጠፋበት ደግሞ ከኋላው የተሰለፉት ጥሩምባቸውን ሳይነፉ ማስነሳት አለበት። መካኒኮች የበሽታውን ስም ባጭሩ ይጠሩታል፦ «ሚኒሞ አልይዝ አለ»። ሚኒሞ ማለት እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው። መድኃኒቱም እንደ ስሙ አጭር ሆኖ ኖሯል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ካቻቢቴ አንስቶ፣ ካርቡራቶሩ ላይ ያለችውን ብሎን ጠበቅ ወይም ላላ ማድረግ ነው።

ይህች ብሎን ከመቶ ዓመት ያላነሰ ታሪክ አላት። አንዳንዴ በእርግጥ ትፈውሳለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ቦታ ያለውን ሕመም ታዳፍናለች። የትኛውን እንደምታደርግ የሚወስነው የመኪናው የትውልድ ዘመን ነው፤ እያንዳንዱ አሥር ዓመት በሞተሩ ላይ የራሱን ዕቃ ጨምሯልና።

ሞተር በፍጥነት ሲሮጥ ብዙ ጉድለት ይችላል። ሚኒሞ ላይ ግን ነዳጅ መስጫው የሚከፍተውና የሚዘጋው የአየር በር ከሞላ ጎደል ተዘግቷል፤ የሚቃጠለው ነዳጅ ሞተሩን ራሱን ከማዞር የሚተርፍ ጉልበት የለውም። በደቂቃ 850 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 28 ያህል ጊዜ ይተኩሳል። ከአራቱ አንዱ ቢስት በሌላ ጊዜ ሾፌሩ ሽቅብ ሲወጣ ብቻ የሚያውቀው ድካም ነበር፤ ሚኒሞ ላይ ግን መሪውና መቀመጫው አብረው ይንቀጠቀጣሉ። የአየር መፍሰስም እንዲሁ ነው። በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ የምትገባ ጥቂት አየር አውራ ጎዳና ላይ ከሚሳበው ብዛት አንጻር ከቁጥር አትገባም። መብራት ላይ ግን ሞተሩ ከሚተነፍሰው ትልቁን ድርሻ ልትይዝ ትችላለች።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ይህ ችግር በዚህ መልኩ አልነበራቸውም፤ የእነርሱ ከዚህ የባሰ ነበር። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ፓተንት ያወጣበት ባለ ሦስት እግር መኪና ነዳጁን የሚያገኘው በማትነን ነበር፤ አየር በነዳጁ በኩል አልፎ ተኑን ይዞ ይሄዳል። የአየሩ ሙቀት ሲለወጥ ድብልቁም ይለወጣል። ነዳጅን በጠባብ ቀዳዳ እየረጩ ከአየር ጋር የማዋሃድ ዘዴ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በዚያ ዓመት በቡዳፔስት ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ በጀርመን ደግሞ ቪልሄልም ማይባህ፣ በወራት ልዩነት ለተመሳሳይ ሐሳብ ፓተንት አወጡ። ዛሬ ካርቡራቶር የሚባለው ሁሉ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው፤ አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ነዳጁን ከቀዳዳው ይስባል።

ነገሩ ያማረ ነው፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። የአየር በሩ ሲዘጋ በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ይሞታል፣ ነዳጁም አይሳብም። ስለዚህ ፈጣሪዎቹ ዘወር አሉና ሌላ ጠባብ መንገድ ቀየሱ። ከአየር በሩ ጠርዝ ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በኩል፣ በሩ ሲዘጋ መምጠጡ እጅግ የሚበረታበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፈቱ፤ በቀዳዳዋ አፍ ላይ ጫፏ እንደ መርፌ የሾለ ብሎን አደረጉ። የሚኒሞ ብሎን ይቺ ናት። ሌላይቱ፣ የአየር በሩን እጀታ ደግፋ በሩ ፈጽሞ እንዳይዘጋ የምታደርገው ብሎን፣ እህቷ ናት፤ ሁለቱን አለመለየት ስንት ሞተር እንዳስለቀሰ ወደ ኋላ ይመጣል።

ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ድረስ ሥራው የሾፌሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ ከመሪው ሥር ሁለት ዘንጎች ነበሩት፤ አንዱ ነዳጅ መስጫ፣ ሌላው የእሳቱን ጊዜ ማስቀደሚያና ማዘግያ። የድብልቁን ውፍረት ደግሞ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ ፊቱ ያለውን እጀታ እያዞረ ያስተካክል ነበር። መኪናው ሲበርድ አንድ ዓይነት፣ ሲሞቅ ሌላ ዓይነት። መንዳት ማለት መጠገን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ኢትዮጵያ መኪና የገባው በዚህ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በሲድሊ መኪና፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ በናከ መኪና ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ደረሱ። ስለ መንገድ አልባው ጉዞ፣ ስለ በረሃውና ስለ ወንዙ ብዙ ተጽፏል። ስለ አየሩ ግን የሚያነሳ ጥቂት ነው፤ የዚህች አገር የመካኒክነት ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ግን እርሱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩም ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሳስቷል። ካርቡራቶር ይህንን አያውቅም። እርሱ የሚለካው ያለፈውን አየር መጠን እንጂ ክብደት አይደለም፤ ስለዚህ ለሳሳው አየርም ለወፈረው የሚሰጠውን ያህል ነዳጅ ሊሰጠው ይሞክራል። ጅቡቲ ላይ ልክ የነበረ ድብልቅ አዲስ አበባ ሲደርስ ከመቶ ከአሥር በላይ ነዳጅ በዝቶበታል። ምልክቱን ማንም ያውቀዋል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ጥገናውም አንድ ነው። ከተቻለ ነዳጁን የሚለካውን ጄት ቀዳዳው ጠበብ ባለ መቀየር፣ ካልተቻለ ብሎኗን አዙሮ ነዳጁን መቀነስ።

እንግዲህ የአዲስ አበባ መካኒክ ለማንኛውም የሚኒሞ ሕመም መጀመሪያ ካቻቢቴ የሚያነሳው ከስንፍና አይደለም። ከቆላ የሚመጣው፣ ለለንደንና ለቶሪኖ አየር ተሠርቶ የሚመጣው መኪና ሁሉ እውነትም ብሎኑ መዞር ነበረበት። ልማዱ የተወለደው ከትክክለኛ ምርመራ ነው፤ ችግሩ ልማዱ ምርመራውን አልፎ መኖሩ ነው።

የከፍታው ነገር ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ለሚሠራ ሰው ሌላም ወጥመድ አለው። የአሜሪካ ጋራዦች የሞተርን ጤና ከሚያዩባቸው የቆዩ መሣሪያዎች አንዱ የቫኪዩም ጌጅ ነው፤ ከአየር በሩ ወዲያ ባለው ቱቦ ላይ ተሰክቶ የመምጠጡን ኃይል ይለካል። በባሕር ወለል ላይ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ የሚባለው እንግዲህ ከ9 እስከ 13 መሆኑ ነው። ሠንጠረዡን እንዳለ የሚያምን ሰው በዚህ ቁጥር ጤነኛውን ሞተር «ቀለበት ጨርሷል» ብሎ ሊበትነው ይችላል። ቁጥሩን ትቶ የመርፌውን አረማመድ የሚያይ ግን አይሳሳትም። መርፌው ዝቅ ብሎ ጸጥ ካለ አየር የሚያስገባ ጓርኒሲዮን ወይም የዘገየ እሳት ይጠረጠራል፤ በየጊዜው እኩል እኩል የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ አንድ የተቃጠለ ቫልቭ አለ።

ሙያው በከተማዋ ሥር የሰደደው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች መንገድ ሲቆርጡ በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችን፣ ከእነርሱም ጋር መካኒኮችን፣ የቶርኖ ማሽኖችንና የመለዋወጫ መጋዘኖችን አመጡ። ወረራው ሲያበቃ ሁሉም አልሄዱም፤ የቀሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸውም ካንዴላውን፣ የእሳቱን ጊዜ የሚቆርጠውን ፑንቲና፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን ቴስታታን ከነስሙ ተቀበሉ። ከነጻነት በኋላ የተከፈተው ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በክፍል ያስተማራቸው ነበሩ፤ ይሁንና ብዙው መካኒክ ያደገው በጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ዕቃ በቤንዚን ያጥባል፣ ቁልፍ ያቀብላል፤ ቀጥሎ ጆሮው ይሠለጥናል።

ጆሮ እዚህ ላይ ተረት አይደለም። ሚኒሞው በሚናጋ ሞተር ላይ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ መንቀል ከጥንት የመጣ ፈተና ነው። ጤነኛ ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀልበት ሞተሩ ይዳከማል፤ ገመዱ ተነቅሎ ድምፁ ካልተለወጠ ሥራ የፈታው እርሱ ነው። የካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ የቫልቩን ኳኳታ ከሌላው መለየትም እንዲሁ። በዚህ መንገድ የተገኘ ሕመም ከካርቡራቶር ጋር ብዙ ጊዜ ምንም ዝምድና የለውም።

በ1950ዎቹና 60ዎቹ የከተማው ታክሲ ሰይቼንቶ ነበረች። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣት ይህች ትንሽ መኪና 633 ሲሲ ሞተሯን ከኋላ የተሸከመች ናት። የቮልክስቫገኑ ቮልስም በዚያው ዘመን ገባ፤ እርሱ አሁንም አለ። ከአብዮቱ በኋላ ተራው የላዳ ሆነ። የላዳ ካርቡራቶር የመጣበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ኤዶአርዶ ቬበር የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1923 ቦሎኛ ውስጥ የካርቡራቶር ፋብሪካ አቋቋመ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት በ1945 ሰውየው ከተማው ውስጥ እንደ ወጣ ቀረ፤ ፋብሪካውን በኋላ ፊያት ጠቀለለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት ከሶቭየት ኅብረት ጋር ተዋዋለና የ124 ሞዴሉ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶልያቲ እንዲመረት ፈቀደ፤ የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች በ1970 ወጡ። ካርቡራቶራቸውን በቬበር ፈቃድ የሚሠራው የዲሚትሮቭግራድ ፋብሪካ ነበር። የቦሎኛው ሥራ በቮልጋ በኩል ዞሮ መርካቶ ደረሰ ማለት ነው፤ የጣሊያን ጋራዥ ልጆች የነበሩት የአዲስ አበባ መካኒኮችም ኮፈኑን ሲከፍቱ ያገኙት የሚያውቁትን ነው።

ላዳ ለብሎን ያደሩ እጆችን የሚክስ መኪና ነበር፤ ግን በተራው ከሄዱ ብቻ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ሲበርድ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው 0.4፣ የካንዴላው ከ0.5 እስከ 0.6 ነው። የቫልቩ ክፍተት ከጠበበ ሲሊንደሩ የጨመቀው አየር ያመልጠዋል። ፑንቲናው ከተበላ እሳቱ ይዘገያል፣ ይደክማልም። እነዚህ ሦስቱ ሳይለኩ ካርቡራቶር የነካ ሰው የተናጋውን ሚኒሞ በነዳጅ ብዛት ይደግፈዋል። ሞተሩ ለሳምንት ይጸናል፤ በወሩ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይመለሳል፣ የነዳጁ ወጪም ሾፌሩን ያሳብደዋል። ሌላም አለ። የሚኒሞው ጄት ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትደፍናታለች። በአንዳንዶቹ የኋለኞቹ ካርቡራቶሮች ላይ ደግሞ ቁልፍ ሲበራ ይህችን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍት ትንሽ ቫልቭ ነበር። ሽቦዋ ከወለቀች መኪናው እየተነዳ ጥሩ ይሄዳል፣ እግር ሲነሳለት ግን ወዲያው ይጠፋል። ለዚህ ምንም ዓይነት ብሎን አይደርስለትም፤ ሽቦዋን መልሶ መሰካት ነው።

የቮልሱ ጉዳይ ይብሳል። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ሚኒሞ የሚስተካከለው በሩን በሚደግፈው ብሎን ነበር፤ ሾፌርም መካኒክም ይህንን በቃሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል 1600 ሞተር በየቴስታታው ሁለት ሁለት የአየር መግቢያ ተደረገለት፤ በአዲሱ የሶሌክስ 34 ፒክት ካርቡራቶር ላይም ፍጥነቱ የሚስተካከለው በጎን ባለች ሌላ ትልቅ ብሎን ሆነ። የበሩ ብሎን እንዳትነካ ነው። የድሮውን መንገድ የተከተለ ሰው በሩን ከፍ ያደርገዋል፤ በሩ ከፍ ሲል የሚኒሞው ቀዳዳ ቦታዋን ትስታለች፣ የእሳቱን ጊዜ የሚያስቀድመው የቫኪዩም ቀዳዳም ያለ ጊዜው ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ሚኒሞው አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይሞታል። ሰውየው ደግሞ ሌላኛዋን ብሎን ያዞራል፣ ከዚያ ሦስተኛዋን። ከሦስት ሰው እጅ ያለፈ 34 ፒክት አዲስ ጄት ቢገባበትም መጀመሪያ በሩን ወደ ቦታው ካልመለሱት አይድንም።

ቮልክስቫገን ይህንን ያደረገው ሰው ለማስቸገር አልነበረም። ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ሎስ አንጀለስ መሄድ ይገባል። በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ዋጣት፤ ነዋሪው በጦርነቱ ጊዜ የኬሚካል ጥቃት የደረሰበት መስሎት ነበር። የካልቴክ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጭጋጉ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ የሚፈጠር መሆኑን አሳየ። ሕግ ተከተለ። ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጡ መኪናዎች ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ውጭ መልቀቁን ትተው መልሰው እንዲያቃጥሉት የሚያደርግ ቫልቭ ተገጠመላቸው። በ1968 ሕጉ አገር አቀፍ ሆነ፤ የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ጭሳቸውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ።

ፋብሪካዎቹ አዲስ ሞተር ለመሥራት ጊዜ አልነበራቸውም። ባለው ሞተር ላይ ዕቃ መጨመር ጀመሩ፣ ከተጨመረው ዕቃ አብዛኛው ጉልበቱን የሚያገኘው ደግሞ ከቫኪዩም ነበር። የሞተር ሆድ መተንፈሻው ቫልቭ ሲታሰብ ሆን ተብሎ የተከፈተ፣ ልኩ የተቆረጠ የአየር ቀዳዳ ነው፤ ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ልኩ ይጠፋል። የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ሌላው ቫልቭ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መጣ፤ እርሱ ሚኒሞ ላይ ጥርቅም ብሎ መዘጋት ይኖርበታል። የጥላሸት ፍርፋሪ ጥርሱ ሥር ከገባ ሞተሩ ጭሱን ይጠጣና ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት ሲይዝ ግን ምንም እንዳልሆነ ይሆናል። በዚያ ላይ ድብልቁ እስከሚቻለው ድረስ እንዲሳሳ፣ እሳቱ እንዲዘገይ ተደረገ፣ የሚኒሞ ብሎኗም ሰው እንዳያዞራት በፕላስቲክ ቆብ ተከደነች። የዚያ ዘመን የአሜሪካና የጃፓን መኪና ሚኒሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ዛሬ አርጅቶ ሲናጋ የሚገርም ነገር የለውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዲኤክስ በሚል ስም የሚታወቁት የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ከአይሳን ካርቡራቶራቸው ዙሪያ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ጎማ ደግሞ ከሞተር ሙቀት ጋር 40 ዓመት አይኖርም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አንድ ቱቦ ብቻ ሲያፈስ ሞተሩ ያልተለካ አየር ይጠጣል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሚኒሞው ይናጋል። ፈተናው ቀላል ነበር፤ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትቶ በየመጋጠሚያው ካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ጥቂት መንፋት፣ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ቀዳዳው አለ። የጋለ ማርሚታና የሚተኩስ ገመድ አጠገብ ግን ይህ ጨዋታ አይደለም፤ እሳት ይነሳል። ፍሬን ሲረገጥ ድምፁ የሚለወጥ ሞተር ከሆነ ደግሞ የፍሬን ሰርቮውን ማየት ነው።

በየጋራዡ የተለመደው መፍትሔ ሌላ ነበር። ቱቦውን ነቅሎ አፉን በትንሽ ብሎን መድፈን። ይህንን መናቅ ቀላል ነው፤ መለዋወጫው በማይገኝበት አገር ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት ሊባል አይችልም። የጭስ መመለሻውን የደፈነ ሰው ሚኒሞውን አረጋግቶ ይሆናል። ነገር ግን ከቱቦዎቹ አንዱ የእሳቱን ጊዜ የሚያስቀድም፣ ሌላው ሞተሩ ሲበርድ ዙሩን ከፍ የሚያደርግ ነው፤ አብረው ሲደፈኑ ጠዋት ጠዋት ሾፌሩ ቾክ ስቦ ሩብ ሰዓት ይቆማል።

ነዳጁም ባለበት አልቆመም። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መጨመር ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ደረሰ። ኢታኖል ድብልቁን በጥቂቱ ያሳሳል። ለብዙ አገር ካርቡራቶር ይህ ጉዳት ነው፤ ከፍታው ነዳጅ ላበዛበት የአዲስ አበባ ሞተር ግን እንዲያውም ሊስማማው ይችል ነበር። የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፤ አልኮል የታንከሩን የዓመታት ዝቃጭ ፈትቶ ወደ ጄቱ ይሰዳል፣ ለእርሱ ያልተሠራውን አሮጌ ጎማና ዲያፍራምም ይበላል። ከዚያ በፊት እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ መውጣቱ፣ ለጤና የማይተካ ጥቅም ቢኖረውም፣ ለስላሳ የቫልቭ መቀመጫ ያላቸውን የቀድሞ ሞተሮች ቫልቭ ቀስ በቀስ ያሰምጥ ነበር፤ ቫልቩ ሲሰምጥ ክፍተቱ ይጠፋል፣ ሚኒሞውም አብሮ።

ብሎኗን ከሥልጣን ያወረዳት ኮምፒውተር ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልክስቫገን 1600 ላይ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ የነዳጅ መርጫ አወጣ። በ1976 ቮልቮ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚያነብ ሴንሰር ገጠመ። በ1980ዎቹ ሚኒሞውን ራሱ እየከፈተና እየዘጋ የሚጠብቅ የአየር ቫልቭ ተለመደ፤ ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ስሕተቱን ለሁሉም በሚሠራ አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲናገር ተገደደ። ለአዲስ አበባ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር ሌላ ነበር። እንዲህ ያለው ሞተር የአየሩን ግፊት ወይም ክብደት ይለካል። ከጅቡቲ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል። ብሎን ለማዞር የነበረው ትክክለኛ ምክንያት አለቀ።

የመካኒኩ እጅ ግን ልማዱን አልተወም። የአየር በሩ ጠርዝ በጥላሸት ሲሸፈን ሚኒሞው ይወርዳል፤ ማጠብ ሲገባ በሩን የሚደግፈው ብሎን ይጠብቃል። ልክ እንደ 34 ፒክቱ። በሩ ከፍ ብሎ ሲቀር ቦታውን የሚያነበው ሴንሰር «ተዘግቷል» አይልም፤ ኮምፒውተሩም መኪናው ሚኒሞ ላይ መሆኑን አያውቅምና ጥበቃውን አይጀምርም። አንዳንዴም ዙሩ ሲጨምር ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጣል፣ ዙሩ ሲወድቅ መልሶ ይሰጣል፣ ሞተሩ ወጣ ወረድ እያለ ይኖራል። ሾፌሩ «መኪናዬ ይተነፍሳል» ብሎ ይመጣል። ከተበላሸ የሙቀት ሴንሰርም ሆነ ከተሰነጠቀ ቱቦ ይህ ሊመጣ ይችላል። ባትሪው ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ቢዛባ ደግሞ ኮምፒውተሩ የተማረውን ረስቶ እንደገና እየተማረ ነውና ማንም ምንም ባይነካ ይሻላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሚኒሞ የለውም፤ ሲቆም ሞተሩም ይቆማል። ግን አዲስ ሲቀር አሮጌው ይረዝማል። በመለዋወጫ ገበያው፣ ሶማሌ ተራ ላይ፣ ያገለገለ ካርቡራቶር አሁንም ገዢ አለው፣ ገዢውም ከጓርኒሲዮኑ በፊት አንድ ነገር ቢያይ ይጠቅመዋል። የአየር በሩን ዘንግ ይዞ ወደ ጎን ያነቃንቀው። ከአሥር ዓመታት መዞር በኋላ የዘንጉ ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል፤ አየር በዳር ይገባል፣ መጠኑም በሩ በተነካ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት የተስተካከለው ሚኒሞ ከሰዓት ይጠፋል። ይህንን ጉዳት ስፕሬይ ያገኘዋል፣ ብሎን ግን አያድነውም። ሥራው የቶርኖ ቤት ነው፤ ቀዳዳውን አስፍቶ የነሐስ ቡሽ ማስገባት፣ ዘንጉን በልኩ መመለስ፣ በሩ ጉሮሮውን በትክክል መዝጋቱን በብርሃን ማየት። ከዚያ በኋላ የብሎኗ ተራ ይደርሳል።